ጠባሳን በምላጭ

(ፀጉር ቤት። በሩ ላይ «ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ፀጉር አስተካካዩ ጓንት ያጠልቃል። ሴት ልጁ ጓዳ ውስጥ ጆሮዋ ላይ ያለውን እባጭ በበረዶ እያደነዘዘች ነው። የሚስቱ ወንድም፣ የቆዳ ሐኪም ቤት ዘበኛ፣ ከጓዳ ይወጣል።)

ፀጉር አስተካካይ፦ አዲስ ምላጭ ነው አልኩህ! ከነወረቀቱ!

ዘበኛ፦ ያለፈው ጊዜስ አሮጌ ነበር?

ፀጉር አስተካካይ፦ እሱም አዲስ ነበር።

ዘበኛ፦ ታዲያ በአዲስ ምላጭ የተቆረጠ ምስር የሚያክል እባጭ እንዴት ባቄላ አክሎ ተመለሰ?

ፀጉር አስተካካይ፦ ሥሩ ቀርቶ ነዋ! ጆሮዋን ስትበሳ የገባ ሥር ነው። ዛሬ ነቅዬ ነው የምጥለው።

ዘበኛ፦ ሥሩ እስከ የት ይወርዳል ጋሼ?

ፀጉር አስተካካይ፦ ወደ ታች።

ዘበኛ፦ እስከ ትከሻዋ?

ፀጉር አስተካካይ፦ አይ አንተ! እህትህን ያገባሁት አንተን ሳላይ ነው።

ዘበኛ፦ እኛ ጋ ያለችው ሐኪም ግን ሥር የለውም ትላለች። ኬሎይድ ነው፤ ማቆሚያ የሌለው ጠባሳ። ቁስሉ ከደረቀ በኋላም ቆዳው «በቃ» አይልም። ይደርባል፣ ይደርባል፣ ከቁስሉ አልፎ ይሄዳል። በላዩ ሌላ ቁስል ስትጨምርለትማ ሥራ አገኘ።

ፀጉር አስተካካይ፦ ለአንተ ነው የነገረችህ?

ዘበኛ፦ ለበሽተኛ ስትነግር ሰማሁ። በሩ ክፍት ነበር።

ፀጉር አስተካካይ፦ በር መክፈት ሐኪም ካደረገ፣ ስንት ሚኒስትር የላጨሁ እኔ አገር ልምራ?

ዘበኛ፦ እነሱ እባጩን እዚያው ላዩ ላይ በመርፌ ይወጉታል። በየወሩ። ቀስ እያለ ይሟሽሻል።

ፀጉር አስተካካይ፦ ባበጠ ነገር ውስጥ መድኃኒት ሞልተው? ጭራሽ ሊነፉት!

ዘበኛ፦ ቆርጠው የሚያወጡለትም አለ...

ፀጉር አስተካካይ፦ (እያጨበጨበ) አየህ! ይቆርጣሉ!

ዘበኛ፦ ቆርጠው ግን አይተዉትም። መርፌው ይከተላል፤ ጆሮውን ጫን አድርጎ የሚይዝ ጉትቻም ያስሩበታል። እንደዚያም ሆኖ የሚመለስበት ሰው አለ።

ፀጉር አስተካካይ፦ እኔንና እነሱን የሚለየን ነጭ ጋውን ብቻ ነው።

ዘበኛ፦ አንተም እኮ ነጭ ጋውን ለብሰሃል።

ፀጉር አስተካካይ፦ እንግዲያው ምንም አይለየንም!

ዘበኛ፦ እሱስ ልክ ነህ። ግን ጋሼ፣ ባቄላው ተመልሶ እንቁላል ቢያክልስ?

ፀጉር አስተካካይ፦ ሻሽ ታስራለች።

ዘበኛ፦ ዕድሜ ልኳን?

ፀጉር አስተካካይ፦ ኤጭ! የሦስት ዓመት ሕፃን እንኳ እንዳንተ አይጠይቅም። ጭንቅላቷን ግጥም አድርገህ ያዝልኝ፣ ከዚያ በላይ አልፈልግብህም። (ወደ ጓዳው) ነይ ልጄ!

(መጋረጃውን ይገልጣል። በረዶው ሳህኑ ላይ ቀልጧል። የጓሮው በር ወለል ብሏል።)

ፀጉር አስተካካይ፦ የት ሄደች?

ዘበኛ፦ (ስልኩን እያየ) ሐኪሟ ጋ። ገና ምላጭህን ሳትፈታ ነው የወጣችው።

ፀጉር አስተካካይ፦ ታዲያ እስካሁን ይህን ሁሉ የጅል ጥያቄ ለምን ትደረድርብኛለህ?

ዘበኛ፦ ታክሲ እስክታገኝ።