መውረድ ብቻ ነው የታዘዘው

[እሑድ አመሻሽ፣ ቤት ውስጥ። ፖስተኛው በመጀመሪያው እርከን ጠርዝ ላይ በጣቶቹ ቆሟል። የግራ ተረከዙ አየር ላይ ነው። የሚስቱ ታላቅ ወንድም፣ ጡረታ የወጣው የመዝገብ ቤት ሹም፣ ከኋላው መሬት ላይ ቆሞ በብብቱ ሥር ይዞታል። ፖስተኛው የተረከዝ ጅማቱን ካመመው ሦስት ወር አልፎታል። ነገ ሥራ ገብቶ የሰው ደረጃ መውጣት ካልቻለ፣ መስኮት በሌለው ምድር ቤት ማኅተም ሲመታ መክረሙ ነው።]

አማቹ፦ ራስህ እንዳትነሳ ብዬሃለሁ።

ፖስተኛው፦ ትንሽ ነው የተነሳሁት፣ ጋሼ።

አማቹ፦ ትንሽም ቢሆን ተነስተሃል። የፊዚዮቴራፒስቷ ወረቀት ምን ይላል?

ፖስተኛው፦ "የሚያመውን ተረከዝ ቀስ ብሎ ማውረድ። አሥራ አምስት ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ ጠዋትና ማታ።"

አማቹ፦ ስለ መውጣት የሚል መስመር አለ?

ፖስተኛው፦ በዚህ በኩል የለም። ግን የወረደ ሰው ካልወጣ ሁለተኛውን ከየት ይወርዳል?

አማቹ፦ እሱ የእኔ ሥራ ነው። አርባ ዓመት መዝገብ ቤት ስሠራ ያልተጻፈ ነገር አላስፈጸምኩም። አንተ ትወርዳለህ፣ እኔ አወጣሃለሁ። ውረድ።

[ይወርዳል። አማቹ በጣቶቹ ቆሞ እንደ ዱቄት ጆንያ ያነሳዋል።]

ፖስተኛው፦ ስምንት።

አማቹ፦ ሰባት። ቅድም ራስህ የተነሳኸው ተሰርዟል።

ፖስተኛው፦ እሺ፣ ሰባት። ፊዚዮቴራፒስቷ ስታሳየኝ ግን በራሷ ነበር የምትወጣው።

አማቹ፦ እሷን አላመማትማ። ደግሞ ማሳየት ፊርማ የለውም። ውረድ።

[ይወርዳል። ሲነሳ የአማቹ ጉልበት ቋ ይላል።]

ፖስተኛው፦ ደከመዎት?

አማቹ፦ አንተ ነህ የከበድከው። ምሳ ምን በላህ?

ፖስተኛው፦ እርስዎ የተዉልኝን።

አማቹ፦ ታዲያ ምንም አልበላህም። ውረድ።

[ይወርዳል። አማቹ ሊያነሳው ሲል ይተወውና ቀኝ ተረከዙን ይዞ እርከኑ ላይ ቁጭ ይላል።]

ፖስተኛው፦ ምን ሆኑ?

አማቹ፦ እዚህ ጋ፣ ከተረከዜ ከፍ ብሎ። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ቀስፎ ይይዘኛል።

ፖስተኛው፦ የእኔም እንደዚያ ነበር።

አማቹ፦ ነበር?

[ፖስተኛው ደረጃውን እስከ ላይ ወጥቶ ይመለሳል። አያነክስም።]

አማቹ፦ አየህ፣ ወረቀት ያከበረ ይድናል። በል አሁን እኔን ያዘኝ፣ መውረድ ልጀምር።

ፖስተኛው፦ ሰው አያስፈልግዎትም፣ ጋሼ። በደህነኛው እግር ይወጣሉ፣ በሚያመው ይወርዳሉ።

አማቹ፦ የት ተጽፏል?

ፖስተኛው፦ ከወረቀቱ ጀርባ።

[አማቹ ወረቀቱን ይገለብጣል። ያነባል። ደግሞ ያነባል።]

አማቹ፦ ሦስት ወር ሙሉ እንደ ሕፃን አንስቼህ... ለምን ዝም አልክ?

ፖስተኛው፦ ለእህትዎ ነግሬያት ነበር። "ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከዚያ ወንበር ያስነሳው ይሄ ብቻ ነው፣ እንዳትነግረው" አለችኝ።

[አማቹ ወረቀቱን በአራት አጥፎ ኪሱ ይከታል።]

አማቹ፦ ታዲያ ነገ አንተ ከሄድክ እኔ ማንን ላነሳ ነው?

ፖስተኛው፦ ከሥራ የምወጣው አሥራ አንድ ሰዓት ነው፣ ጋሼ። የማታው ዙር አይቀርም።

አማቹ፦ እንዳታመሽ።