በሰው ጠብ ላይ የተሾሙት ዶና አሱንቲና

የተበደለው ሰው ራሱ ዝም ሲል ስለ እሱ የሚቆጣ ሰው ከየትም ሰፈር አይጠፋም። መድኃኒት ቤት ወረፋህን ቢወስዱብህና «ይሁን» ብለህ ብታልፍ፣ እሱ አያልፍም። «ይቺን ለኔ ተዋት!» ብሎ ጠብህን ከእጅህ ይነጥቅሃል። በኛ የኔፕልስ ሰፈር ለዚህ ሹመት የበቁት ክብርት ዶና አሱንቲና ነበሩ።

ዶና አሱንቲና ወንድ ተብለው ተወልደው፣ ከጉርምስናቸው ጀምሮ በሴት ስምና በሴት ቀሚስ የኖሩ የሰባ ዓመት አዛውንት ነበሩ። የሰፈሩ ሴቶች ቶምቦላ ሲጫወቱ ቁጥሩን ከቅርጫት እያወጡ፣ ለየቁጥሩ ከወጣለት ስም ጋር የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። በዚያ ጨዋታ ወንድ አይቀመጥም፤ ቁጥሩ እስኪያልቅም ደፉን አያልፍም። እኛ ስሪላንካውያን ሠላሳ ዓመት የሰፈሩን ደረጃ ስንጠርግ ይህን ደንብ አውቀነዋል።

ታዲያ አንድ ዓመት፣ ልብስ ሰፊዋን የሀገሬን ልጅ ሴፓሊካን አከራይዋ ቤቱን ለቱሪስት ለማከራየት ሊያስወጣት ተነሣ። አድራሻ ከሌላት የመኖሪያ ፈቃድም የላትም። ዶና አሱንቲና ለተመሳሳይ ፆታ ተፋቃሪዎች መብት የሚሟገተውን ማኅበር ወክለው የኛ የስሪላንካውያን ማኅበር ስብሰባ ላይ ሰተት ብለው ገቡ።

«እኛንም እያስወጡን ነው። ለሴፓሊካ እንቆማለን፤ እናንተ ደግሞ ሰኔ ላይ ከኛ ጋር ሰልፍ ትወጣላችሁ። አለቀ!»

ሊቀመንበራችን አቶ ዊጄፓላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እትዬ፣ እናከብርዎታለን። ግን አብሮ መታየቱ… ልጆችም አሉን።»

«ልጆቻችሁ ትኩሳት ሲይዛቸው ሐኪም ቤት ያደረሳቸው ማነው? ያኔ አብሬያቸው ስታይ አልከበዳችሁም?»

በገንኩ። በእሳቸው አይደለም፤ በኛ። ግን እንደ ልማዴ ዋጥኩት።

ሴፓሊካን የሚያስወጣው ፍርድ አስፈጻሚ በመጣ ጠዋት ደረጃው ከታች እስከ ላይ በሴት ተሞልቶ ጠበቀው። የኛዎቹም የእሳቸውም ጓደኞች ካርቴላቸውን፣ የቁጥር ካርዳቸውን፣ ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል።

«ዘጠና! ፍርሃት!» ይጣራሉ ዶና አሱንቲና ከላይ።

«እማማ፣ ያሳልፉኝ፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዣለሁ።»

«ወንድ በቶምቦላ መሃል ያልፋል? ከየት አገር ነው የመጣኸው አንተ?»

ይህን ጥያቄ እኛ ስንቴ ተጠይቀናል! ሰውየው ግን የኔፕልስ ልጅ ነው። ፊቱ ቀላ፤ ደፉን የረገጠ እግሩን መለሰ። ለሁለት ሰዓት ያህል ቆሞ ጠበቀ፤ ቁጥሩ ባለቀ ቁጥር ግን ካርቴላ እንደ አዲስ ይታደላል። በመጨረሻ «አልተፈጸመም» ብሎ ጻፈና ለመስከረም ቀጥሮ ሄደ።

ሰኔ ላይ አቶ ዊጄፓላን ሰልፉ መሃል አየኋቸው። «ሴፓሊካን ልጠብቅ ነው የመጣሁት» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው። መንገዱን ሳናጋምስ የዶና አሱንቲና ጉልበት ከዳቸው። ከአንድ ቡና ቤት ወንበር ለምነን ለአራት ተሸከምናቸው።

«ቀስ በሉ እንጂ! ድንች የጫናችሁ መሰላችሁ? አንተ ሊቀመንበር፣ ያንተ ጎን ዘሟል!»

«እሺ፣ እትዬ» አሉ አቶ ዊጄፓላ፣ ላባቸው እየተንቆረቆረ።

ሴፓሊካ ከፊታችን ትሄዳለች። በነጭ ጨርቅ ላይ በቀይ ክር የጠለፈችውን አድራሻዋን ከፍ አድርጋለች፦ ቁጥር አሥራ አራት፣ ሦስተኛ ፎቅ።

ዶና አሱንቲና ከባድ ናቸው። የሚቀይረኝ ሰው ሦስት ጊዜ መጣ፤ ሦስቴም ተቆጥቼ መለስኩት።