ክብርት ሚሬልቫና ልጆቹን በአፉ የያዘው ዓሣ

«አንዲት ብቻ!» የሚል ፎቶ አንሺ እጅ ላይ ያልወደቀ ሰው ገና አልተወለደም። ይህ ፍጡር በሠርግ ሙሽሮቹን ፀሐይ ላይ ገትሮ ያደርቃቸዋል፤ በልደት ሻማው ቀልጦ ኬኩ ላይ እስኪንጠባጠብ ልጁን «ቆይ፣ እንዳትነፋ!» ይለዋል። የብስ ላይ ከገጠማችሁ ግን ዕድለኞች ናችሁ፤ ጥላችሁት መሄድ ትችላላችሁ። እኛን በካሪቢያን ባሕር የምንኖረውን የቦኔር ደሴት ሰዎችን የሚገጥመን ከባሕር በታች ነው። እዚያ አፋችን በመተንፈሻ ስለተወተፈ መጨቃጨቅ የለም፤ አብሮ የጠለቀን ጓደኛ ጥሎ መውጣት ደግሞ ትልቅ ነውር ነው።

የእኔዋ ክብርት ሚሬልቫ ትባላለች፦ የፀጉር ቤት ባለቤት፣ ከመሃል ጣት የማይረዝሙ ዓሦች ሁሉ የበላይ ጠባቂ፣ የእኔ የኤድሰል የቅዳሜ ሰላም አዋኪ። ከዚያ መጠን ያለፈ ዓሣ በእሷ ዘንድ ለመጥበሻ እንጂ ለካሜራ አልተፈጠረም። «ትልቁንማ ማንም ያየዋል!» ትላለች።

ይህን ስትል ደግሞ ለወሬ አይደለም። አንድ ቅዳሜ፣ እሷ አንዲት ባለነጠብጣብ ሚጢጢ ዓሣ ጉድጓድ ላይ ተደፍታ ሳለ፣ ከአውቶቡስ የሚረዝም ሻርክ ከበላያችን ያልፋል። እንዲህ ያለውን በደሴታችን ሳያዩ የሚሞቱ አሉ! የአየር ሲሊንደሬን በቢላዬ እጀታ ደበደብኩ፤ በመተንፈሻዬ ውስጥ ጮኽኩ። ክብርትነቷ ዞር እንኳ ሳትል አንድ ጣቷን አነሣች። «አንዲት ብቻ» ማለቷ ነው።

ዳር ስንደርስ «አየሽው?» አልኳት፣ ትንፋሽ እያጠረኝ።

«ማንን?»

«ከአውቶቡስ የሚበልጠውን ነዋ!»

ፊቷ ተለዋወጠ። «እሱ ነው ለካ! ጥላውን ጥሎብኝ ፎቶዬን ያበላሸው እሱ ነው ለካ!»

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ ሚሬልቫ ግን ዘንዶው ቢወጣም ከመንገዴ ዞር በል ትለው ነበር።

እንግዲህ ከዓሣ ሁሉ አስበልጣ የምትመኘው አንድ አለ፤ ራሱ ቢጫ፣ አካሉ ወተት የመሰለ፣ አሸዋ ውስጥ በቆፈረው ጉድጓድ አፍ ላይ ቀጥ ብሎ የሚንሳፈፍ። ሴቷ እንቁላሏን ትጥልና ትሄዳለች፤ አባትየው እስኪፈለፈሉ ድረስ በአፉ ሞልቶ ይይዛቸዋል። አንዳንዴ ብቻ፣ ንጹሕ ውኃ እንዲያገኙ፣ ገፋ አድርጎ ያወጣቸውና ዓይን እስኪርገበገብ መልሶ ይሰበስባቸዋል። ሚሬልቫ የምትፈልገው ያቺን ቅጽበት ነው። ስንት ዓመት ተመኘቻት!

ባለፈው ሳምንት ከአንድ ጠላቂ ጓደኛችን ስልክ ተደወለ። አንዱ አባት አፉን ሞልቷል ተባለ። ደንበኛዋ እማማ ፊሎሜና ፀጉራቸውን ቀለም ተቀብተው ወንበር ላይ ነበሩ፤ ሚሬልቫ የመኪና ቁልፏን አነሣች።

«አንቺ ልጅ፣ ፀጉሬስ?»

«እማማ፣ ዓሣው አርግዟል!»

«ታዲያ ዓሣ ሲያረግዝ አዲስ ነው?»

«ወንዱ እኮ ነው!»

እማማ ፊሎሜና ትንሽ አሰቡ። «እንዲህ ከሆነስ ሂጂ። ፎቶውን ግን ለባሌ አሳዪልኝ።»

ፀጉራቸው የካሮት ቀለም ይዞ ቀረ። ፎቶም አልተገኘም። ክብርትነቷ በጥድፊያ ካሜራውን ውኃ በማያስገባው ሳጥን ስትቆልፍበት የሌንሱን ክዳን አላነሣችም ነበር፤ ሳጥኑ ደግሞ ከውኃ በታች አይከፈትም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እሷስ የምትለቅመውም አላገኘች። ዓሣው አፉን ከፍቶ ሲዘጋ እያየች፣ ጨለማ ሳጥን ታቅፋ ቀረች።

ትናንት እንቁላሎቹ የብር ዓይን አወጡ። ዓይን ካወጡ ማታውኑ ተፈልፍለው ይበተናሉ፤ የቀረን ያቺው ከሰዓት ብቻ ነበረች። ሚሬልቫ ክዳኑን አውልቃ ለእኔ አስያዘችኝ፤ ራሷን አላመነችም።

«ኤድሰል፣ አሸዋ ካነሣህብኝ ፀጉር ቤቴ እንዳትደርስ!»

«መላጣ ነኝ እኮ!»

«ብትሆንስ!»

ወርደን አሸዋው ላይ በሆዳችን ተኛን። አባትየው ብቅ አለ፤ አየን፤ ገባ። ብቅ አለ፤ ገባ። እኔ ዳር ላይ የሚጠብቀኝን የፍየል ወጥ እያሰብኩ ሳለሁ ባቴ ተኮማተረ። አቤት ሕመም! እንደ እርጥብ ጨርቅ የሚጨምቁኝ መሰለኝ። እግሬን አንዴ ብወራጭ ይለቀኛል፤ ግን አሸዋው ደመና ሆኖ ይነሣል፣ ዓሣው ይደበቃል፣ ሁሉም ነገር ያበቃል። ጥርሴን መተንፈሻው ላይ ነከስኩ። እንባዬ መነጽሬ ውስጥ ይጠራቀም ጀመር። የሚገርመው፣ ስረግመው የኖርኩትን ፎቶ በዚያች ሰዓት ከእሷ ይልቅ የፈለግሁት እኔ ነበርኩ! «ክፈተው፣ የኔ ጌታ፣ ክፈተው!» እያልኩ ለመንኩት።

ከፈተው! ያ ሁሉ ልጅ ከአፉ ወጣ፤ ያ ሁሉ የብር ዓይን በአንድ ጊዜ አፈጠጠብን! ፍላሹ በራ። ሚሬልቫ በመተንፈሻዋ ውስጥ እልል አለች፤ አረፋው ወደ ላይ ተትጎለጎለ። እኔም ጮኽኩ፤ እኩሌታው ደስታ፣ እኩሌታው ባቴ ነው።

ልታሳየኝ ስትዞር እግሬን አየች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ካሜራዋን አሸዋው ላይ ጣለችው። እግሬ ላይ ያጠለቅሁትን የመዋኛ መቅዘፊያ ጫፍ ይዛ ባቴ እስኪፍታታ ወደ እኔ ሳበችው፤ ክንዴንም ጨብጣ ቀስ እያለች ዳር አደረሰችኝ።

«ምነው አልተንቀሳቀስክም፣ አንተ ደደብ!» አለች ባቴን እያሸች።

«አሸዋ ይነሣብሻል ብዬ።»

«ይነሣ! ገደል ይግባ!»

«ካሜራሽ እኮ እታች ቀረ። ፎቶውም።»

«ይቅር! ዓሣ ሞልቷል። አንተን ከየት አመጣለሁ?»

ክብርት ሚሬልቫ «ዓሣ ሞልቷል» አለች! ይህን ቃል በደሴቱ ላይ ለማንም አልተናገርኩም፤ ስሟ ይጠፋል። ማሸቷን ግን ገና ሳትጨርስ፣ እያነከስኩ ተነሥቼ መቅዘፊያዬን አጠለቅሁና ካሜራዋን አብረን ልናወጣ እጄን ዘረጋሁላት።