ከዓይኔ ሥር የፈሰሰ አፉታ

ሴት ልጅ ጠላት የለኝም ብላ አትኩራ። ጠላቷ ከዓይኗ ሥር ተቀምጦላታል! ጉንጭ ዕድሜን ይደብቃል፣ ሻሽ ሽበትን ይደብቃል፤ ያ ከዓይን ሥር ያለ ስስ ቆዳ ግን ወሬኛ ጎረቤት ነው። ያልተኙበትን ሌሊት፣ ያለቀሱበትን ቀን፣ የተወለዱበትን ዘመን ለአላፊ አግዳሚው ይዘረግፋል። ዕድሜዬን ግን እንዳትጠይቁኝ። አልነግራችሁም።

በበጋው ብርድ ደግሞ ይብስበታል። “ከሚሴ ቆላ አይደለም እንዴ? ምን ብርድ አለው?” የምትሉ አትጠፉም። ታኅሣሥ ላይ ኑና እዩት! ሌሊቱ ይቆነጥጣል፤ ቀን ደግሞ ከአፋር በኩል የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ፊትን ቋንጣ ያደርጋል። በዚያ ዓመት መስታወት ባይ፣ ከዓይኔ ሥር ያለው ቆዳ ውሃ የሸሸው የጨፋ ረግረግ መስሎ ተሰነጣጥቋል።

መሰንጠቁንስ ችዬው ነበር። የከፋው ሐዋ ልትመጣ መሆኗ ነው።

ሐዋ አብሮ አደጌ ናት። አብሮ አደግ ማለት የት ቢወጓችሁ እንደሚያማችሁ አጥንቶ ያደገ ሰው ማለት ነው። ልጃገረዶች ሳለን፣ ሰንበቴ ገበያ ላይ ከብት የሚነግድ አንድ ጎልማሳ (ስሙን አልናገርም፤ ዛሬ የልጅ ልጆች አሉት) እኔን እንድታይለት እናቱን ላከ። ሐዋ ከጎኔ ተቀምጣ ወደ ሴትዮዋ ጆሮ ጠጋ አለችና፣ እኔም እንድሰማ አድርጋ፣ እንዲህ አለች፦

“ጥሩ ልጅ ናት። ግን ከዓይኗ ሥር ያለውን ጥቁረት እዪልኝማ… ጉበቷን ሳያማት አይቀርም።”

ሴትዮዋ ሄደች፤ እንደሄደችም ቀረች። ዓመት ሳይሞላ ሰውየው ሐዋን አገባ። እኔም በኋላ ደህና ሰው አገባሁ፣ አላህ ይማረው። ነገር ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ከዚያ ወዲህ መስታወት ፊት በቆምኩ ቁጥር የሐዋ ጣት ከዓይኔ ሥር ያለውን ቆዳ ሲያመለክት ይታየኛል።

እንግዲህ በእኛ አገር ሐጅ የሚሄድ ሰው ሻንጣውን ከመሸከፉ በፊት ቤት ለቤት እየዞረ “አፉ በሉኝ” ይላል። ይቅር በሉኝ ማለቱ ነው። የሰው ሐቅ ተሸክሞ ካዕባ ፊት እንዴት ይቆማል? ያን ዓመት ሐዋ ሐጅ ልትሄድ መሆኑን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አጣ። ስለ ነፍሷ ተጨንቄ እንዳይመስላችሁ! “አፉ በይኝ” ስትለኝ አንዲት ቃል ብቻ ልመልስላት ነው። “የቱን?” እላታለሁ። በሰው ፊት አፍ አውጥታ ትናገረው። ካልተናገረች አፉታ የለም፤ ሐቄን ተሸክማ ትሂድ!

ይህን ስላት ግን ፊቴ መጥራት፣ ዓይኔ ሥር መለስለስ አለበት። የሰደበችውን ቆዳ ይዤ ልጠብቃት ነው እንዴ?

ደሴ ፀጉር ቤት የምትሠራው የእህቴ ልጅ ሰዓዳ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበርና አማከርኳት።

“አክስቴ፣ መጀመሪያ ውሃ ጠጪ።”

“የደረቀው ቆዳዬ ነው፣ ጉሮሮዬ አይደለም።”

“እሺ፣ እንቅልፍ ጥገቢ።”

“ሐዋ መጥታ ሳትሄድ እንቅልፍ የለም።”

“ኪያር ቆርጠሽ ዓይንሽ ላይ ጣል አድርጊ።”

“አንቺ ልጅ፣ ሰላጣ ነኝ እንዴ?”

“እንግዲያው ግሊሰሪን በውሃ አቅጥነሽ፣ ጥቂት፣ በጣትሽ ጫፍ። እንዳታሺው! የጠጉር ቅቤሽን ደግሞ ወደዚያ እንዳታስጠጊው፣ አደራ!”

አያችሁ የዘመኑን ልጅ? ቅቤ ያሳደጋት ቅቤ ትንቃለች! ሸኘኋትና በቀጥታ ወደ ቅቤዬ ሄድኩ። አደስ የገባበት፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ ቅቤ ነው። ለጠጉር የሆነ ለዓይን ሥር ምን ያንሳል? ደህና አድርጌ ለጠፍኩበት። ዓይኔ ጎላ እንዲልም ኩሌን ተኳልኩ።

ሐዋ የሰፈራችንን ሽማግሌ ሼህ ይማምን ይዛ መጣች። ቤት ላስገባቸው ስችል ደጅ፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳቸው። ጎረቤቱ ሁሉ እንዲያይልኝ ነዋ!

“አካም ጅርታ፣ መዲናዬ?” አለች ሐዋ በኦሮምኛ፣ ስሜን አቆላምጣ፣ ማር በማር ሆና።

“ነጋ ነው፣ ሰላም ነው፣ አልሐምዱሊላህ፤” አልኩ ኮስተር ብዬ።

“እህቴ፣ እንግዲህ መንገደኛ ነኝ። ያወቅሽብኝንም ያላወቅሽብኝንም አፉ በይኝ።”

አነጋገሯን አያችሁ? የጅምላ ነጋዴ! ሁሉንም በአንድ ጆንያ! ቀና አልኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ አፌን ከፈትኩ። “የ…” አልኩ።

ቅቤው ቀለጠ።

ያ ረቢ! ቅቤው፣ አደሱና ኩሉ ተያይዘው ዓይኔ ውስጥ ገቡ። በርበሬ ይሻላል! እንባዬ በሁለት ቦይ፣ ጥቁር ሆኖ እስከ አገጬ ወረደ። “የ… የ…” አልኩ። ለሚሰማው ሲቃ ነው።

“አላሁ አክበር!” አሉ ሼህ ይማም። “ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ይህች ሴት ግን ቂሟን በእንባዋ አጠበችው!”

“ኧረ ሼሁ፣ ቅቤው ነው…”

“ተይ ልጄ፣ አትናገሪ። እንባሽ ተናግሯል።”

ጎረቤት እልል አለ። ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ሁሉም “አሚን” አለ። እኔም አልኩ። በሼህ ዱዓ ላይ አሚን ያላለች ሴት በከሚሴ ምን እንደምትባል አጥቼው ነው?

ይኼኔ ሐዋ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ የእውነቷን፣ ያለ ቅቤ አለቀሰች።

“ልብሽ እንዲህ ንጹሕ መሆኑን ባውቅ ያን ጉድ ይህን ሁሉ ዘመን በሆዴ አልይዘውም ነበር።”

“የምን ጉድ?”

“አማቴ… ያኔ አይታሽ የሄደችው። በሳምንቱ ተመልሳ መጥታ ነበርኮ!”

“ምን ልታደርግ?”

“አንቺን ልትጠይቅ። እኔን መንገድ ላይ አገኘችኝና፣ ‘ከዓይኗ ሥር መጥቆሩ እንቅልፍ ስለማታበዛ ነው፤ ሠራተኛ ልጅ ናት፣ ወድጃታለሁ’ አለችኝ። ‘ባቲ ላለ ሰው ታጭታለች’ ብዬ የመለስኳት እኔ ነኝ። ይኸው አፉ አልሽኝ፣ ቀለለኝ! አልሐምዱሊላህ!”

ቀለላት!

“ሼህ ይማም፣” አልኩ ዓይኔን በሻሼ ጫፍ እየጠረግሁ፣ “ይህኛው ከዱዓው በኋላ የመጣ ነው። ለብቻው አይታይልኝም?”

“‘ያላወቅሽብኝንም’ ብላለች፣ ልጄ። አንቺም አሚን ብለሻል።”

የሚቆጨኝ ሰውየው እንዳይመስላችሁ። ሰንበቴ ገበያ ላይ ከወይፈን ጋር ሲጨቃጨቅ ባየሁት ቁጥር ሐዋን ማመስገን ያምረኛል። የሚቆጨኝ ያን ሁሉ ዘመን በከንቱ የተጣላሁት ቆዳዬ ነው። ምንም አልበደለኝም ነበር! እንዲያውም አስወድዶኝ ነበር፣ ምስኪን።

አሁን ታኅሣሥ ሲገባ ጠብታ ግሊሰሪን በጣቴ ጫፍ ነካ አደርግለታለሁ፤ ሳላሸው፣ እንደ ይቅርታ። ከእሱ ጋር ታርቀናል። ሐዋንም፣ ማለቴ ሐጂትን፣ ከልቤ አፉ ብያታለሁ… አሉ።