አሥራ አንድ ግብ ጠባቂዎች

ትናንት ሌሊት፣ ዓለም እንደ ካልሲ ተገልብጣ በተለበሰችበት አገር ውስጥ ስባዝን አደርኩ። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባላልና እናንተ በደግ ፍቱልኝ። እኔስ በደግ መፍታት አልሆነልኝም።

ከመተኛቴ በፊት በልቤ የነበረውን ልንገራችሁ። ልጄ ኤልዳና ለታዳጊ ሴቶች ቡድን ተመርጣ፣ ሲነጋ ወደ ሌላ ከተማ ካምፕ ልትገባ ነበር። አባቷ ተካልኝ ራት ላይ ከደስታው ብዛት ጉርሻውን እየሳተ፣ "ቡድን የሚገነባው ከጨዋታ አቀጣጣይ ነው! ኳሱን አንስታ ለሌላው የምታከፋፍል አንዲት ልጅ ካገኘህ ሌላው በራሱ ይመጣል!" ይል ነበር። እኔም የከተማችንን ቡድን ከልጅነቴ ጀምሮ የደገፍኩ ሴት ነኝ፤ የራሴ ሐሳብ አለኝ። "ቡድን የሚገነባው ከግብ ጠባቂ ነው" አልኩት። "ይኸው ጀመረች!" ብሎ ሳቀብኝ። በዚሁ ተኛን።

በሕልሜ ስታዲየም ገባሁ። ዝናቡ ከሣሩ እየተነሣ ወደ ሰማይ ይዘንባል። ተጫዋቾቹ መቀመጫው ላይ ተደርድረው ቆሎ ይቆረጥማሉ፤ ደጋፊዎቹ ሜዳ ውስጥ ላባቸው ይንጠፈጠፋል። ተካልኝ፣ ያ ሦስት ደረጃ ወጥቶ የሚያለከልከው ሰውዬ፣ ቦርጩን በሁለት እጁ ደግፎ በክንፍ በኩል ይሮጣል። ተጫዋቾቹ ከላይ ይሰድቡታል።

"አንተ ጆንያ! ስንት ዘመን ደግፈህ አንድ ዋንጫ እንኳ አላመጣህልንም!"

"ይቀየር! ይቀየር!"

"ጉሮሮው ዝሏል፣ ወጣት ደጋፊ ይምጣልን!"

ፊሽካ ተነፋ። የነፋችው ኳሷ ራሷ ነበረች። በእውኑ ዓለም አሰልጣኞቻችን ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ነው የሚባረሩት፤ በሕልሜ ግን አሰልጣኙ መስመሩ ዳር ሥር ሰዶ ዋርካ ሆኗል፤ ወፎች ትከሻው ላይ ጎጆ ሠርተዋል። ቅጠሎቹን አራግፎ ተናገረ።

"ውጤት ስለጠፋ ደጋፊው በሙሉ ተሰናብቷል። ከተማዋን እንደ አዲስ እንገነባለን። እኔም ደክሞኛል፣ ተተኪ ፈልጉልኝ።"

ሰዉ እንደ ለቅሶ ቤት ጮኸ። ተካልኝ ማሊያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነ። ላጽናናው ስጠጋ ሜዳው የከብት ገበያ ሆነ። ሰዎች አንገታችን ላይ ገመድ ታስሮ ቆመናል። ገዢዎቹ በቅሎዎች ናቸው። ባርኔጣ የደፋች አንዲት ግራጫ በቅሎ መጥታ አገጬን ያዘችና አፌን ከፍታ ጥርሴን መረመረች።

"ይቺ ብዙ አገልግላለች" አለች ለጓደኛዋ። ከዚያም ወደ እኔ ዞራ፣ "ስምሽ ማነው?"

"ስንዱ።"

"ስንዱ፣ ቡድን ከየት ይጀመራል?"

"ከግብ ጠባቂ።"

"ለምን?"

"ክፉ ነገር መምጣቱ ስለማይቀር።"

በቅሎዋ ጆሮዋን አቆመች። "ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ የተሰጣ ልብስ ታነሺያለሽ?"

"አነሣለሁ።"

"ልጅሽ ስታስነጥስ?"

"ሐኪም ቤት የሚወስደን ሰው እፈልጋለሁ።"

"ስልክ ሲጠራ?"

"ማን ሞተ ብዬ ነው የማነሣው።"

"አገኘናት!" ብላ አናፋች። "አሰልጣኝ ተገኘ!"

ገመዴን ፈትተው ፊሽካ አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። ፊሽካው እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከበደኝ። "እኔ አልችልም፣ ሌላ ፈልጉ" ብል ማንም አልሰማኝም። ዋርካው ሥሩን ነቅሎ፣ ሻንጣውን ይዞ፣ ወፎቹን አስከትሎ ወጥቶ ሄደ። ሲያልፍ፣ "አይዞሽ፣ እዚህ ማንም አይባረርም። ያ ነው መከራው" አለኝ።

የገበያው ሰው አንድ ረድፍ ሠራ። ልክ እንደ ሰፈር ኳስ፣ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ በየተራ እየጠራ ቡድኑን ሊመርጥ ነው። አንደኛዋ እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ ቱታ የለበሰች ቀጭን ሴት ነበረች። ፊት የላትም። ዓይን ባለበት ቦታ ቆዳ ብቻ፣ አፍ ባለበት ቦታ ፊሽካ ነው። ኤልዳናን ልትወስድ የመጣች መሆኗን ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ።

ሰፈር ውስጥ መጀመሪያ የሚጠራው ጎበዙ ነው፤ መጨረሻ የተረፈው ግብ ላይ ይቆማል። እዚህ ግን እኔ የምጠራው ሁሉ ቀጥታ ግብ ጠባቂ ይሆናል። ጎረቤቴን እትዬ ነጂማን ጠራኋት፣ ጫጩቶቿን ለጭልፊት አስነክታ አታውቅም። ዘበኛውን ጋሽ ወልዴን ጠራሁት፣ አንድ ዓይኑን ገልጦ ነው የሚተኛው። እኔ ስም ስጠራ ያቺ ሴት ተራዋን ዝም ብላ ታሳልፋለች። ማንንም አትፈልግም። አንዲት ልጅ ብቻ ነው የምትጠብቀው።

"እኔስ?" አለ ተካልኝ።

"ግብ ጠባቂ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ እኔ አጥቂ ነኝ! ደግሞ ስንት ግብ ጠባቂ ነው የሚሰለፈው?"

"ያለው ሁሉ።"

"ታዲያ ማን ያገባልናል?"

"ማግባቱ ይቅር። ብቻ አይግባብን።"

"እትዬ ነጂማ፣ ስሚያት እስቲ!" አለ። እትዬ ነጂማም ድስት ማውጫ ጨርቅ በሁለት እጇ እያጠለቀች፣ "ምን ላድርግ ወንድሜ፣ አሰልጣኝ ናት" አለችው።

ኤልዳና ረድፉ ውስጥ ቆማለች። ታኬታዋን አጥብቃ አስራለች፤ ፀጉሯን ራሴ እንደሠራሁላት ነው። ስም በጠራሁ ቁጥር አንድ እርምጃ ወደፊት ትልና መልሳ ትቆማለች።

"እማዬ" አለችኝ ቀስ ብላ። "እኔን ጥሪኛ።"

አፌን ከፈትኩ። ስሟ ምላሴ ላይ ነበር። ግን ብጠራትና ቢጠልፏትስ? ጉልበቷ ቢወልቅስ? ካልጠራኋት እዚያው ረድፉ ላይ ትቆማለች፤ ማንም አይነካትም። ያልተሰለፈ አይሰበርም አልኩ በልቤ። የሌላ ሰው ስም ጠራሁ። ደግሞ የሌላ ሰው። አሥራ አንዱ ሲሞላ ኤልዳና ብቻዋን ቀረች። ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም።

ፊት የሌላት ሴት በቀስታ ነፋች። እናት ልጇን ስትጠራ እንደምታለሰልሰው ድምፅ ነበር። ኤልዳና ዞር ብላ ወደ እሷ ሄደች።

ጨዋታው ተጀመረ። በእኔ በኩል አሥራ አንድ ግብ ጠባቂ የግቡ መስመር ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ቆሟል። በወዲያኛው በኩል ልጄ ብቻዋን ኳሷን እግሯ ሥር ይዛ ቆማለች። ኳሷ አፏን ከፍታ የሰፈሩን ሕግ ተናገረች።

"የገባበት ይወጣል!"

"ካልገባስ?" ብዬ ጮህኩ።

"ካልገባ እሷ ትወጣለች። ከኋላዋ ባለው እውር በር ወጥታ፣ መመለሻውን አታገኘውም።"

"ክፈቱላት!" ልል ስል ከአፌ የወጣው፣ "ዝጉ!" የሚል ነበር። ግብ ጠባቂዎቹ ተጠጋጉ። "ኧረ ክፈቱ!" ልል ስሞክር፣ "አጥብቃችሁ ዝጉ!" አልኩ። እትዬ ነጂማ ከእግሯ ጀምሮ ብሎኬት ሆነች። ጋሽ ወልዴም ብሎኬት ሆነ፤ የተገለጠው አንድ ዓይኑ ብቻ በግንቡ መሃል ያየኛል። ተካልኝ አንገቱ ድረስ ሲሚንቶ ሆኖ፣ "ስንዱ! ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ አሳልፊያት እንጂ!" አለ፤ ሲሚንቶው አፉ ላይ ደረሰና ዝም አሰኘው።

ኤልዳና ሮጠች። በሮጠች ቁጥር ሜዳው ይረዝማል፣ እሷም ታንሳለች። መጀመሪያ የራሷን ያህል ነበረች፣ ከዚያ የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ አከለች፣ ከዚያ ዳዴ የምትል ሆነች። ኳሷ ከደረቷ በላይ ናት፤ ግን እየገፋች ትመጣለች። መቀመጫ ላይ ያሉት ተጫዋቾች ቆሎአቸውን ትተው ተነሡ። ዝናቡ ከሣሩ እየተነሣ ያለብሳታል። ከኋላዋ በሩ ተከፍቷል፤ ውስጡ ጨለማ ነው።

"እማዬ፣ አሳልፊኝ!"

ፊሽካውን ከአንገቴ ልበጥሰው ብል እንቢ አለኝ። እንደከበደኝ ሮጥኩ። ግንቡን በጥፍሬ ልንደው ነበር ሐሳቤ፤ እግሮቼ ግን ወደ እሷ ወሰዱኝ። በደረቴ ወደቅሁና በሁለት እጄ ያዝኳት።

"ያዘች!" አለ ስታዲየሙ በሙሉ። "ያዘች! ያዘች!"

ነቃሁ።

ነግቷል። ከአልጋ ወርጄ ሲሚንቶው ወለል ላይ በደረቴ ተዘርግቻለሁ። ኤልዳና ቦርሳዋን አንግታ፣ ልትስመኝ ጎንበስ እንዳለች ከላዬ ቆማለች። ቁርጭምጭሚቷ በሁለት እጄ ውስጥ ነው። ውጭ የሚኒባሱ ጥሩንባ ይጮኻል፤ ሌሎቹ ልጆች፣ "ኤልዱ፣ ጥለንሽ ልንሄድ ነው!" ይላሉ።

"ስንዱ፣ ምን ሆነሻል? ልጅቷን ልቀቂያት እንጂ!" አለ ተካልኝ ሻንጣዋን ይዞ ከበሩ።

"ለቀቅኳት እኮ" አልኩ።

"አልለቀቅሽኝም እማዬ" አለች ኤልዳና።

ወደ እጆቼ አየሁ። እውነቷን ነው። ጥሩንባው እንደገና ጮኸ። ተካልኝ ሻንጣውን አስቀምጦ አጠገቤ ተንበረከከና ጣቶቼን አንድ በአንድ ያላቅቅ ጀመር።