የለንደን ነው የተባለው የጎባ ድራም

እኛ አንድ ዕቃ ጥሩ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ አንደክምም። «የውጭ ነው» ካልን ክርክሩ አለቀ። የእኛው የሲናና ስንዴ ከደጃችን ተጭኖ ይሄድና፣ ፓስታ ሆኖ፣ ላዩ ላይ ማንበብ የማንችለው ስም ተጽፎበት ሲመለስ፣ «ይሄስ የውጭ ነው፣ ያስታውቃል» እያልን እንሻማበታለን። እናንተ አላደረጋችሁትም? እኔ አድርጌዋለሁ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል፤ የኔ ነገር ግን ከመዳብም አልፎ ወደ ቆርቆሮ ሳይወርድ አልቀረም።

ሮቤ ውስጥ የባጃጅ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ሱቄ ቴሌቪዥን ስላለው ከሚገዛው የሚቀመጠው ይበዛል። የተቀማጮቹ አለቃ ኦቦ ጀማል ናቸው፤ በወጣትነታቸው ጎባ በነበረ የኪነት ቡድን ውስጥ ድራም የመቱ፣ ዛሬ ጥቂት ገብስ የሚዘሩ፣ ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ። ቡድኑ ሲበተን ድራሙ እሳቸው ዘንድ ቀረ። ኋላ ባለቤታቸው አዴ ዘይነባ በጠና ሲታመሙ፣ ከሻሸመኔ ለመጣ ነጋዴ ሸጠው አሳከሟቸው። አዴ ዘይነባ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ዳኑ። ድራሙ እንደሄደ ቀረ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በቴሌቪዥን አንድ የታወቀ የሮክ ድራመር ቀረበ። ናሆም ይባላል፤ ጸጉሩ ትከሻው ላይ ተኝቷል። ከፊቱ ያለውን አሮጌ ድራም በመዳፉ እየዳበሰ፣ «ይህ የአንድ ታላቅ የእንግሊዝ ድራመር ነበር፣ ከለንደን ነው የመጣው» አለ። «እንዲህ ዓይነት ድምፅ እዚህ አገር አይገኝም።»

ኦቦ ጀማል ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ወላሂ የኔ ነው!»

«ምኑ?»

«ድራሙ! ያ እግሩ አይታይህም? የጋሪ ብረት እኮ ነው! ሲሰበር ራሴ ነኝ ያስበየድኩት።»

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ኦቦ ጀማል፣ ልጁ ከለንደን ነው የመጣው ብሏል እኮ» አልኳቸው። አያችሁ፣ እኚህን ሰው ከአሥር ዓመት በላይ አውቃቸዋለሁ፤ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም። ባለጸጉሩን ግን የማውቀው ለአምስት ደቂቃ ነው። የአምስት ደቂቃውን አመንኩ። ኦቦ ጀማል ትክ ብለው አዩኝ፣ ከዘራቸውን አነሱና ወጡ። ከዚያ ወዲያ ሱቄን አልረገጡም።

ወር ሳይሞላ የናሆም ባንድ ሮቤ ስታዲየም ሊጫወት መጣ። ጸጸቴን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። «አካም ጅርቱ?» አልኳቸው። ሰላምታዬን በግማሽ ልብ መለሱልኝ። ይቅርታ ጠይቄ፣ ለምኜ፣ በስንት መከራ ባጃጅ ላይ አወጣኋቸው።

ስታዲየም ስንደርስ ናሆም ድራሙን እያስተካከለ ነበር። ኦቦ ጀማል ነገሩን ሲነግሩት በትሕትና ሰማና ፈገግ አለ፤ ለሽማግሌ የሚፈገገውን ዓይነት ፈገግታ።

«አባቴ፣ ተመሳስሎብዎት ይሆናል።»

«እንግዲያው ትልቁን፣ ያን በእግር የሚመታውን ክፈተው» አሉ። «ውስጡ፣ እንጨቱ ላይ፣ በቀይ ቀለም የተጻፈ ስም አለ።»

«የማን ስም?»

ኦቦ ጀማል ግራ ቀኝ አዩ። ጆሯቸው ሳይቀር ቀላ።

«ዘይነባ» አሉ በሹክሹክታ። «ያኔ ገና አላገባኋትም።»

የናሆም ፈገግታ ጠፋ። እስኪከፈት እንኳ አልጠበቀም። «አውቀዋለሁ» አለ። «ቆዳውን ስቀይር አይቼዋለሁ። በአማርኛ ፊደል ነው የተጻፈው።»

«ታዲያ ለንደን ውስጥ ማን ጻፈው ብለህ ነው?» አልኩ እኔ፣ ከሁሉ ቀድሞ ያላመነው ሰውዬ፣ ደረቴን ነፍቼ።

«ብጠይቅ እውነቱን እሰማለሁ ብዬ ፈራሁ» አለ ናሆም። «የለንደን ነው ብለው ሲሸጡልኝ ወሬውን ወድጄው ነበር።»

መምቻዎቹን በሁለት እጁ ለሽማግሌው ዘረጋ። «ይውሰዱት አባቴ። የእርስዎ ነው።»

«ሸጬዋለሁ እኮ ልጄ፣ በሸጥኩትም ሚስቴን አድኜበታለሁ። ሐቄን አግኝቻለሁ» አሉ ኦቦ ጀማል። መምቻዎቹን ግን ተቀበሉ። ከዘራቸውን አስይዘውኝ ተቀመጡ። መጀመሪያ ቀስ ብለው መቱ። ቀጥሎ እንደ ወጣትነታቸው አጣደፉት። ሽቦ የሚጎትቱት ሠራተኞች ሥራቸውን ትተው ቆሙ፤ ናሆም መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ተማሪ አያቸው።

ያን ዕለት ሕዝቡ ስታዲየሙን ሲሞላ ናሆም ማይክራፎኑን ያዘና፣ ድራሙ የጎባ መሆኑን፣ የቀድሞ ባለቤቱም እነሆ ከፊት እንደተቀመጡ፣ ውስጡም የሚስታቸው ስም እንዳለ ለሮቤ ሁሉ አወጀ። ጩኸቱ አይነገርም። ኦቦ ጀማል እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ እንባና ሳቅ ተቀላቅሎባቸው፣ ደጋግመው እጅ ነሱ።

ወደ ቤታቸው ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ደርሷል። አዴ ዘይነባ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ፊታቸው በራ ብሏል፤ የተደሰቱ መሰለኝ።

«ስሜን የጻፍከው ትልቁ ላይ ነው አሉ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አሉ ኦቦ ጀማል፣ ኮራ ብለው።

«ያ በእግር የሚመታው ላይ?»

ኦቦ ጀማል ጫማቸውን አዩ።

«በእጅ የሚመታው ሁሉ ሞልቶ፣ ያን ሁሉ ዓመት ጎባ ለጎባ ስትረግጠኝ ኖረሃላ!»

ኦቦ ጀማል «አድነኝ» በሚል ዓይን ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ሱቄን ሳልቆልፍ የመጣሁ መሰለኝና፣ ደኅና ዋሉ ብዬ በፍጥነት ሄድኩ።