አያ ፈንቴን ያስለቀሰ ርችት

መምህር ከተባልክ ሰው ሁሉ የቃል ዳኛ ያደርግሃል። በዚያ ዘመን እንጅባራ ሳስተምር፣ ያልገባውን ቃል የያዘ ሁሉ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነበር። ከሁሉ ያደከመኝ «ርችት» ነው። እሳት ስለሚረጭ ነው እንዲህ የተባለው የሚሉ አሉ፤ ካመናችሁ እመኑ፣ እኔ ለመከራከር አቅም የለኝም። ነገሩን የጀመሩት ቻይኖች ናቸው፣ እርጥብ ቀርቀሃ እሳት ውስጥ ከተው ሲፈነዳ ይደሰቱ ነበር ይባላል። ይህን ስናገር ያገሬው ሰው ይስቅብኛል። ቀርቀሃ እሳት ላይ እንደሚጮህ ለማወቅ ቻይና መወለድ አያስፈልገውማ!

አከራዬ አያ ፈንቴ ግን አይስቁም ነበር። ታመው ከተኙ ሰንብተዋል። ዘመዶቻቸው ያሉት ዘንገና ነው፣ ለፈረስ ቅርብ፤ የጠየቃቸው ግን የለም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይላሉ፣ እኔ መሆኔን ሲያዩ መልሰው ይተኛሉ። አንጀቴን ይበሉት ነበር።

ታዲያ በዐቢይ ጾም አንድ ረፋድ ላይ ጎረቤታችን ባለሱቁ ሐጂ ኑሩ ልጃቸውን ዳሩና ከአስመራ ያስመጡትን ርችት ለኮሱት። ጧ! ጧ! ጧ! እናንተ ሠርግ ነው ትላላችሁ። የዘንገና ገበሬ ግን በጾም ሠርግ አያውቅም፣ ርችትም ሰምቶ አያውቅ። በጾም ጥይት ደጋግሞ ከጮኸ ትልቅ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ የታመመው ማን እንደሆነም ሁሉም ያውቃል።

ከቀትር በኋላ ግቢያችን በፈረስ ተሞላ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ የአያ ፈንቴ ታናሽ ወንድም «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ደረቱን እየደቃ ገባ። አያ ፈንቴ መደባቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁት።

«ማን ሞተ?» አሉ።

ወንድምየው እጁ ደረቱ ላይ ቀረ። «እንዴት... እንዴት ዋሉ፣ አያ?»

ለእዝን የመጣው ምግብ ለጥየቃ ሆነ። አያ ፈንቴ ስንት ጊዜ እምቢ ያሉትን እህል በሉ፤ እያለቀሱም ይስቁ ነበር። አመሻሹ ላይ ሁሉም ተሰናብተው ሄዱና ቤቱ እንደ ወትሮው ጭር አለ።

«መምህር፣ ያ የሚጮኸው ነገር ስሙ ማን ነበር ያልከኝ?»

«ርችት።» የቀርቀሃውን ታሪክ ልጀምር ስል በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ተወው፣ ትርጉሙ ገብቶኛል። ይልቅ ሐጂ የተረፋቸው እንደሆነ፣ ጾሙ ሳይፈታ አንድ ጊዜ ይለኩሱልኝ። ከፋሲካ በኋላማ ሠርግ ይመስላቸዋል።»